«ወፍጮውን ያስነሳኸው አንተ ነህ፣ ክፈል» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ማዕድን ያለው ድንጋይ በሚፈጭ ድርጅት ውስጥ የወፍጮ ኦፕሬተር ነኝ። ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋና ትልቁ ወፍጮ እንደተሞላ ቆመ። ጄኔሬተሩ ለአምፖልና ለዘይት ፓምፕ እንጂ ወፍጮ ለማዞር አይበቃም። መብራት የመጣው ሰኞ ማታ በእኔ ፈረቃ ነው። ለፈረቃ ኃላፊው ደውዬ «መጀመሪያ ቀስ አድርገን አዙረን ብናየውስ?» አልኩት። «ምርት ተጓቷል፣ አስነሳው» አለኝ። አስነሳሁት። ትንሽ ዞር እንዳለ መሬቱ እስኪንቀጠቀጥ ጓ አለ። ላይነሮቹ (የወፍጮውን ውስጥ የሚሸፍኑት መከላከያዎች) ተሰባበሩ፣ ብሎኖች ተበጠሱ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። አሁን «በከባድ ቸልተኝነት ንብረት አጥፍተሃል፤ ኪሳራው እስኪሸፈን ግማሽ ደመወዝህ እንዲቆረጥ ፈርም፣ አለዚያ ትሰናበታለህ» የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ተናድጄ ደብረ ማርቆስ ቤተሰቦቼ ጋ መጥቻለሁ። ውስጥ ደርቆ የቀረውን ደግሞ የቀን ሠራተኞች በዲጂኖ እየፈነቀሉት ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደብረ ማርቆስ የመጣኸው ፈቃድ ወስደህ ነው? ካልሆነ ዛሬውኑ ተመለስ። ያለ ፈቃድ መቅረት ራሱን የቻለ የስንብት ምክንያት ሊሆን ይችላል። በወፍጮው ክርክር ልታሸንፈው የምትችለው አሠሪ በመቅረትህ በቀላሉ ያሸንፍሃል። እንዲህ አድርገው እጃቸውን የሰጡ ብዙ ናቸው።

ወረቀቷንም አትፈርም። ምክንያቱን ልንገርህ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ ደመወዝ የሚቆርጠው መቼ እንደሆነ ይናገራል፦ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ። እነሱ የጎደላቸው ይህ የመጨረሻው ነው። የሚፈልጉት ፊርማህን ነው። ደግሞም ብትፈርም እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝህ ከሲሶ በላይ መቁረጥ አይቻልም። ግማሽ የሚለው ከሕጉ ውጪ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ፊርማህ ነገ ችሎት ላይ «ጥፋቱን አምኗል» ተብሎ መቅረቡ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። «ከባድ ቸልተኝነት» አለ ወይ?

ወፍጮ ሲባል እኔ የለመድኩት የእህሉን ነው። ያንተው ሌላ ነው። የሚዞር ትልቅ በርሜል ነው፤ ውስጡ የብረት ኳስ፣ ድንጋይና ውሃ አለ። ሲዞር ጭነቱ ከግድግዳው ጋር ጥቂት ወጣ ይልና ተንሸራቶ ይመለሳል። ሲቆም ግን ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ደቃቁ በኳሶቹ መሐል ይረጋል። የቢቸናን ዋልካ መሬት አስበው። ክረምት ላይ እግር ይውጣል፤ በጋ ሲገባ ዶማ ይመልሳል። ወፍጮህም ቅዳሜ ማታ ጭቃ ነበር፣ ሰኞ ማታ ቋጥኝ ሆነ። እንዲህ ሆኖ ሲነሳ ጭነቱ አይንሸራተትም። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይወጣና ከላይ ሲላቀቅ ባንዴ ይወድቃል። ላይነር ብቻ አይደለም፤ በርሜሉን የሚያዞረው ትልቁ ጥርስ፣ ቤሪንጉ፣ መሠረቱ ሳይቀር ሊጎዳ ይችላል። አንተ በላይነር መትረፍህ ዕድል ነው።

መከላከያው የታወቀ ነው። በታቀደ ማቆም ጊዜ ድንጋይ መጨመር ይቆምና ውስጥ ያለው ተፈጭቶ ይወጣል። በድንገት ከቆመ ደግሞ በረዳት ሞተር በየጊዜው ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ይህም ካልሆነ ከመነሳቱ በፊት በዚያው ሞተር ቀስ ብሎ አዙሮ ጭነቱ መንሸራተቱን ማረጋገጥ ነው። ሩብ ዙር እየደረሰ ካልተንሸራተተ ደርቋል ማለት ነው፤ ያኔ ይቆማል። ይህን ራሱ ለክቶ ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም አለ።

እነዚህ ነገሮች ችሎት ላይ ጥያቄ ሆነው ይመጣሉ። ረዳት ሞተሩን የማያዞር ጄኔሬተር የገዛው ማነው? ከረጅም ማቆም በኋላ እንዴት እንደሚነሳ የተጻፈ መመሪያ አለ? ለአንተ ሥልጠና ተሰጥቶሃል? ከቅዳሜ እስከ ሰኞ የነበሩት ፈረቃዎች ምን አደረጉ? ራሱ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ አለ? ካለስ ማን አጥፍቶት ነበር? አዋጁ በአንቀጽ 92 ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ በሚገባ እንዲያውቅ የማድረግ ግዴታ የሚጥለው በአሠሪው ላይ ነው።

አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብተው ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት ነው። ቁልፍ የነካ ሁሉ ከባድ ቸልተኛ አይባልም። አንተ ደግሞ የታዘዝከውን ነው የሠራኸው።

ሆኖም ልሸነግልህ አልፈልግም። ያ የስልክ ጥሪ ሁለት ስለት አለው። ባንድ በኩል ጥንቃቄ ማሰብህንና መታዘዝህን ያሳያል። በሌላ በኩል «አደጋውን እያወቀ ነው ያስነሳው» ለማለት ይመቻቸዋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መመሪያ ካለና ፈርመህ ከሠለጠንክ ጉዳይህ በጣም ይከብዳል፤ ይህን ጠበቃህ ቀድሞ ይወቀው። ከዚህ ሌላ ስልኩ መደወልህን እንጂ ያልከውን አይናገርም። ያን ሰዓት አጠገብህ የነበረ ሰው አለ? ስሙን አሁኑኑ ጻፈው።

«መብራት ስለጠፋ ነው» በሚለው ግን ብዙ አትተማመን። እነሱም ሊተማመኑበት አይችሉም። በእኛ አገር መብራት መጥፋቱ ማንም የማይጠብቀው ድንገተኛ ነገር አይደለም። ወፍጮውንም የሰበረው የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን ሲመጣ የተነሳበት መንገድ ነው።

ማስረጃው የት አለ? የፈረቃ መዝገቡ ላይ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ መመዝገቢያው ላይ። ኮፒ እንዲሰጡህ በጽሑፍ ጠይቅ። በድብቅ ይዘህ አትውጣ፤ ሌላ ክስ ታተርፋለህ። ከከለከሉህ ፍርድ ቤት እንዲያቀርቡ ሊያዛቸው ይችላል።

ጊዜው ለእነሱም ይቆጥራል። አሠሪ በአንቀጽ 27 ማሰናበት የሚችለው ምክንያቱን ካወቀ ከ30 የሥራ ቀናት ሳያልፍ ነው። ሦስት ሳምንት፣ በሳምንት 6 ቀን ከተሠራ፣ ወደ 18 ቀን ሄዷል። ለዚህ ነው የሚያጣድፉህ ብዬ እጠረጥራለሁ። ካሰናበቱህ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው። ያኔ ቆጠራው ወደ አንተ ይዞራል፦ ወደ ሥራ ለመመለስ ለመክሰስ 3 ወር፣ ለክፍያ 6 ወር። ለሥራ አስኪያጁ ማመልከቻ ማስገባትህ ይህን ጊዜ ያቆመዋል ብለህ አትዘናጋ። ክሱ የሚቀርበው ለሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር ከሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ጋር ሊመልስህ ይችላል። መመለስ ካልተቻለ ቋሚ ሠራተኛ ከሆንክ የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ ካሣ አለ፤ የስንብት ክፍያና የማስጠንቀቂያው ጊዜ ደመወዝም ይጨመርበታል። ሳያሰናብቱህም ኪሳራውን በፍርድ ቤት ሊጠይቁህ ይችላሉ። ጥፋትህን የማስረዳት ሸክም ግን የእነሱ ነው።

የቀን ሠራተኞቹን ነገር ሳነብ ደነገጥኩ። ደርቆ ባንድ ጎኑ የተንጠለጠለ ጭነት ሲፈነቀል በርሜሉ በራሱ ክብደት ሊዞር ይችላል። ኤሌክትሪኩ ተቆርጦ በቁልፍ ካልተዘጋና በርሜሉ እንዳይንቀሳቀስ ካልተያዘ ሰው መግባት የለበትም። አዋጁ ለሕይወት አስጊ ሥራ ማስገደድን በአንቀጽ 14 ይከለክላል። ጉዳት ከደረሰም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ከራስህ ጉዳይ አስቀድመህ ነገ ጠዋት ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አመልክት። የተቀበሉበትን ቀንና ቁጥር ያዝ።

ከመዝገብ ቤት ስትወጣ ለድርጅቱም አንድ ገጽ ጻፍ፦ የተደወለበትን ሰዓት፣ የተባልከውን፣ ያስነሳህበትን ሰዓት፣ ስምምነቱንም እንደማትቀበል። ያልፈረምካትን ወረቀት ኮፒ አድርጋት።