ከሆስፒታል ወጣ፣ ቀጠሮው ግን ሁለት ወር ነው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። «ድምፅ ይሰማኛል፣ ጎረቤቶች ሊገድሉኝ ነው» እያለ ሲያስቸግረን አዲስ አበባ ወስደነው ሦስት ሳምንት ተኝቶ ታከመ። ሲወጣ ደህና ነበር። ድሬዳዋ ከተመለስን ዛሬ 9 ቀናችን ነው። ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ እዚያው አዲስ አበባ ነው፣ ክኒኑ ግን የሚበቃው ለአንድ ወር ብቻ ነው። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሌሊት እንቅልፍ እያጣ ነው። እናታችን «ድኗል፣ አታስጨንቂው፣ ቀጠሮው ሲደርስ ይሄዳል» ትላለች። ምን ላድርግ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ እህቴ፣ ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይወደድ ስለማውቅ «አንቺ» ብዬሻለሁ። ቀጠሮውን አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት፣ ከቻልሽ ነገ ጠዋት፣ ይዘሽው ድል ጮራ ሆስፒታል ሂጂ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የሁለት ወሩ ቀጠሮ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም መልሶ የሚያየው መቼ እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ እስከዚያ ማንም አይየው ማለት አይደለም።

ለምን ትቸኩላለህ ካልሽኝ፣ ከሆስፒታል የወጡበት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው ከሁሉም አደገኛ የሆኑት። ሕመሙ የሚመለሰው፣ ሰው በራሱ ላይ ጉዳት የሚያደርሰው በብዛት ያኔ ነው። ሆስፒታል ሳለ ክኒኑን በሰዓቱ የምትሰጠው ነርስ ነበረች፣ መብራት በጊዜ ይጠፋል፣ ጫት የለም። ቤት ሲመጣ ያው ክፍል፣ ያው ጓደኛ፣ ከሰዓት በኋላ ከአወዳይ ትኩሱ ሲገባ ደግሞ ያው ጥሪ ይጠብቀዋል። አሜሪካ ውስጥ የጤና መድን ድርጅቶች ከሚመዘኑባቸው ነጥቦች አንዱ፣ በአእምሮ ሕመም ተኝቶ የታከመ ሰው በወጣ በ7 ቀን፣ ከዘገየም በ30 ቀን ውስጥ ባለሙያ አይቶታል ወይ የሚለው ነው። ቀኑን የሚቆጥር ተቋም አላቸው። በእናንተ ቤት ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ፣ 9 ቀን ብለሽ ቆጥረሽ መጻፍሽም ደስ አሰኝቶኛል።

ስትሄጂ የመውጫ ወረቀቱን ያዢ። ኮፒ አድርጊው፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። የክኒኖቹን ፓኬት ባዶውንም ቢሆን አትጣይ። ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። አንድ ጊዜ አጎቴን ይዤ አንድ ሆስፒታል (ስሙ ይቅር) ስሄድ ወረቀቱን ቤት ረስቼው፣ ሐኪሙ ምን እንደሚወስድ ሲጠይቀኝ «ነጯን ክኒን፣ ጠዋትና ማታ» አልኩት። ግማሹ የአገሪቱ ክኒን ነጭ ነው! ሁሉም ነገር ከዜሮ ተጀመረ፣ ያ ቀንም በከንቱ ሄደ።

አሁን ወደ ጫቱ። «ተው» ብለሽ ብትጮኺ ጓደኛው ቤት ሄዶ ይቅማል፣ ልዩነቱ አንቺ አለማየትሽ ነው። ግን ለባለሙያው እውነቱን ተናገሪ፣ ስንት ቀን፣ ምን ያህል፣ ከዚያ በኋላ ጨብሲ (የምርቃና መስበሪያ መጠጥ) አለ ወይስ የለም። ድምፅ የሚሰማውና የሚጠራጠር ሰው የሚታዘዝለት ክኒን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ይገታል፣ ጫት ደግሞ ያንኑ ዶፓሚን ከፍ ያደርገዋል። ክኒኑ የዘጋውን በር ጫቱ በጓሮ ይከፍተዋል ማለት ነው። እንቅልፉን የነሳውም ምርቃናው ሊሆን ይችላል፣ የሕመሙ መመለሻ ምልክትም ሊሆን ይችላል፣ ይህን እኔ ከዚህ ሆኜ አልለይልሽም፣ ለዚህም ነው ሂጂ የምልሽ።

ደግሞ ብዙ ቤተሰብ የማያየው ነገር አለ። አንዳንዱ የሚቅመው ክኒኑ ስለሚያፈዘው ነው፣ ለመንቃት። ሰውነቱ ይገተራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል፣ ይህን ደግሞ ለእናቱ አይነግራትም፣ ዝም ብሎ ክኒኑን ይተዋል። እስቲ ቀስ ብለሽ ጠይቂው። መጠኑ ሊቀነስለት፣ ሰዓቱ ወደ ማታ ሊዛወርለት፣ ወይም መድኃኒቱ ሊቀየርለት ይችላል። ክኒን መዋጥ ካታከተው በየአራት ሳምንቱ ገደማ የሚወጋ መርፌም አለ፣ ስለሱ ጠይቂ። ጫቱን ካቆመ ሃራራው፣ ድብርቱና ዱካኩ (የሌሊት ቅዠቱ) መጀመሪያ ላይ ያስቸግሩታል፣ እየቀለሉ ይሄዳሉ፣ ያኔ ብቻውን አትተዉት። የቀጠሮውን ሰዓት ደግሞ ጠዋት አድርጉት፣ ከሰዓት ከሆነ በርጫውና ቀጠሮው ይጋጫሉ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ታውቂዋለሽ።

ክኒኑ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማስጻፍ ጀምሩ እንጂ እስኪያልቅ አትጠብቁ። መድኃኒቱ ፋርማሲ ውስጥ ከሌለ ወደ ጻፈው ሰው ተመልሳችሁ በሌላ አስቀይሩ።

እናትሽን አትጣያት። «ድኗል» ስትል ምኞቷን ነው የምትናገረው። ጸበል ልውሰደው ካለች ይውሰድ፣ ጎረቤት ሼህ ቁርአን ይቅሩለት ካለም ይቅሩለት፣ ክኒኑ ግን አይቋረጥ።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከወጣው፣ ወይም ምግቡ ተመርዟል ብሎ መብላት ካቆመ፣ ነገ አትበሉ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ክኒኑም እሱ ጋ ሳይሆን አንቺ ጋ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ለዓመታት አረቄ እጠጣ ነበር። ባለፈው ሳምንት ወድቄ ሰዎች ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ ግሉኮስ ሰቅለውልኝ ጠዋት ለቀቁኝ፣ ቀጠሮ አለህ ያለኝ ሰው የለም። ለሦስት ቀን አልጠጣሁም፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ተመልሼ ጀመርኩ። ሐረር ትንሽ ከተማ ናት፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ሰው እንዳያየኝ እፈራለሁ። (ከሸዋ በር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግሉኮሱ ለሌሊቱ ነው እንጂ ለአረቄው አይደለም። ቀጠሮ ባይሰጡህም ራስህ ሂድ፣ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል፣ እዚያው ሐረር ነው። ሰው እንዳያየኝ ካልክ ጠዋት ሚኒባስ ይዘህ ድሬ ውረድ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ገበያ ሄደ ይሉሃል።

ብቻ ሳትታይ በራስህ አታቁም። ይህን ደግሜ እለዋለሁ፣ አረቄ ላይ ለዓመታት የቆየ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊሞት ይችላል። መንቀጥቀጡ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፣ በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥልህ ይችላል፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት አለ። አንተን ያንቀጠቀጠህም ይኸው ነው እንጂ የጀግንነት ማነስ አይደለም። ሐኪም ይህን በመድኃኒት ያሳልፍሃል፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጥሃል። ለሐኪሙ በቀን ስንት መለኪያ እንደምትጠጣ ሳትቀንስ ንገረው፣ የመጨረሻውን የጠጣህበትን ሰዓትም ጨምርለት። አንድ የምታምነው ሰው ይዘህ ሂድ፣ ስልክ ቁጥሩንም ካርድህ ላይ አስጽፍ፣ በቀጠሮህ ቀን ከቀረህ የሚደውሉለት ሰው ያግኙ።