«ጎንደር» ወይስ «ጐንደር»? የምስል ፋይል ስምና የፊደል ነገር

ጥያቄ፦ የጎንደርን ቅርሶች የሚያሳይ ድረ ገጽ እየሠራን ነው። ፎቶዎቹ የሚቀመጡት ሄድለስ በሚባለው ዓይነት (ይዘቱን ብቻ በሚይዝ፣ ገጹን ራሱ በማያሳይ) የይዘት ማስተዳደሪያ ሲሆን፣ ድረ ገጹም የስልክ መተግበሪያውም በኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራሞች መረጃ በሚጠያየቁበት መንገድ፣ እየጠሩ ያወጧቸዋል። ፋይሎቹን የሰየምናቸው በአማርኛ ነው። አንዳንዱ ፎቶ ይመጣል፣ አንዳንዱ «404» (አልተገኘም) ይላል። ከመካከላችን አንዱ «ጎንደር»፣ ሌላው «ጐንደር» እያለ ይጽፋል፤ በ«ስዕል» እና በ«ሥዕል»ም አልተስማማንም። ትክክሉ የቱ ነው? (ከፒያሳ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ሁለት ጥያቄ ተደርቦብዎታል። የአጻጻፉን ብቻ መልሼ ብተወው ፎቶዎ አሁንም አይመጣምና ከፋይሉ ልጀምር።

«ጎ» እና «ጐ» በዛሬው አማርኛ ንግግር ከሞላ ጎደል አንድ ሆነዋል። ለኮምፒውተር ግን አይተዋወቁም። የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት የሆነው ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር ሰጥቶታል (በ16 መሠረት ሲጻፍ)፦ «ሀ» 1200፣ «ሐ» 1210፣ «ኀ» 1280፤ «ሠ» 1220፣ «ሰ» 1230። ኖርማላይዜሽን የሚሉት የዩኒኮድ ማስተካከያም እነዚህን አይነካም፤ ድምፃቸው ቢመሳሰልም ለእሱ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። ስለዚህ «ጎንደር-ግንብ» ተብሎ የተጫነ ፋይል «ጐንደር-ግንብ» ተብሎ ሲጠራ አልተገኘም መባሉ የሚጠበቅ ነው።

መፍትሔው ሁሉም ሰው አንድ ፊደል እንዲጽፍ መማማል አይደለም፤ ያ በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። ፋይሉ ሲጫን ሥርዓቱ የሚሰጠውን መለያ ይያዙ፣ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር የሚያገናኙትም በዚያው መለያ ይሁን። የምስሉን አድራሻ ኤፒአዩ ከሚመልሰው ጄሰን (መረጃው ተደራጅቶ የሚመጣበት ጽሑፍ) ይውሰዱ እንጂ ከርዕሱ እየገጣጠሙ አይሥሩ። የርዕሱ ፊደል በኋላ ቢታረምም ምስሉ ከቦታው አይናወጥም።

የአማርኛ ፋይል ስም ሌላም ጣጣ አለው። ዩኒኮድን ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። «ደብረ ብርሃን ሥላሴ» 10 ፊደል ነው፤ እያንዳንዳቸው 3 ምልክት ከሚሆኑት ከሁለቱ ክፍት ቦታዎች ጋር 96 ምልክት ይወጣዋል። በሊኑክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ 255 ባይት ስለሆነ ከ85 ፊደል በላይ አይገባም፣ እንደ «.jpg» ያለው ቅጥያ ሲታከልበት ከዚያም ያንሳል። አንዳንድ ሥርዓት እንዲያውም የላቲን ያልሆነውን ፊደል ሲጫን ጠርጎ ያወጣውና የቀረው ስም ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ አጻጻፉ። «ጐንደር» የቆየው አጻጻፍ ነው፣ ስህተት አይደለም፤ ለሚታየው ርዕስ ግን በዛሬው ልማድ «ጎንደር» ቢሉ ይሻላል። በ«ሥዕል» ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቅም። በግእዝ «ሠዐለ» ሣለ ማለት ነው፣ «ሰአለ» ደግሞ ለመነ። «ሰአሊ ለነ» ሲባል ለምኝልን እንጂ ሣይልን አይደለም። «ስዕል» ዛሬ በብዛት ይጻፋል፣ አንባቢም አይሳሳትበትም፤ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ በሚያወራ ገጽ ላይ ግን «ሥዕል» ብሎ መጻፍ ያምራል። «ምስል» ከ«መሰለ» ስለመጣ በ«ሰ» ነው፤ «ምሥል» የሚል አይጻፍ። መረጃ የሚሞላባቸውን ሳጥኖች፣ ፊልዶቹንም በዚሁ ይለዩ፦ ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች «ሥዕል»፣ እነሱን ያነሱበት ፋይል «ምስል»። አለዚያ «የሥዕሉ ዘመን» በሚለው ፊልድ ውስጥ አንዱ ሥዕሉ የተሣለበትን፣ ሌላው ፎቶው የተነሣበትን ዓመት ያስገባል።

የቀረው ፍለጋ ነው። ጎብኚው «ጥምቀተ ባህር» ብሎ ሲፈልግ እርስዎ ያስገቡት «ጥምቀተ ባሕር» ከሆነ ባዶ ገጽ ይመጣበታል። ለዚህ ለሰው የማይታይ የፍለጋ ፊልድ ይጨምሩና ርዕሱን እየለወጡ ይክተቱበት፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ቍ ወደ ቁ፣ ኰ ወደ ኮ። ያኔ «ቍስቋም» ያለውም «ቁስቋም» ያለውም አንድ ቦታ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ግእዙን ብቻ ለውጠው ሌሎቹን ስድስት ቤቶች ይረሳሉ። «ባሕር» ውስጥ ያለው ሳድሱ «ሕ» ስለሆነ ሐን ወደ ሀ መለወጥ ብቻውን ምንም አያደርግለትም። በአማርኛ ግእዙና ራብዑ የሚመሳሰሉባቸውን ሃ፣ ሓ፣ ኃ፣ ኣ እና ዓንም ይጨምሩ። «ኸ»ን ግን ይተዉት፣ ድምፁ ሌላ ነው። «ቤተ መንግሥት» ተነጣጥሎም፣ ተጋጥሞም፣ በሰረዝም ስለሚጻፍ ከዚህ ፊልድ ክፍተትና ሰረዝን ያውጡ።

ለውጡ ሲቀመጥም ሲፈለግም መደረግ አለበት። በአንዱ በኩል ብቻ ከተደረገ ቀድሞ ይገኝ የነበረውም ይጠፋል። «ሠዓሊ» እና «ሰአሊ» በፍለጋው ውስጥ መቀላቀላቸው አይቀርም፤ አንድ ትርፍ ውጤት ከባዶ ገጽ ይሻላል። ለውጡ ወደሚታየው ርዕስ ግን እንዳይሻገር።

ምስሉ ሳይከፈት ሲቀር የሚወጣውን፣ ለማያዩ ሰዎችም በስልካቸው የሚነበበውን ምትክ ጽሑፍ ፊልድ ባዶ አይተዉት፤ የፋይሉንም ስም አይገልብጡበት። «ምስል 12» ለሚሰማው ሰው ምንም አይነግረውም። «የፋሲል ግንብ ከደጃፉ በኩል፣ አራቱ ክብ ማማዎች ይታያሉ» ይበቃል። «ምስሉ የሚያሳየው» ብሎ መጀመርም አያስፈልግም፤ ምስል መሆኑን አንባቢው ፕሮግራም ራሱ ይናገራል።