የአፍሪካ ዋንጫ ብናዘጋጅ ስማችን ይነሳል? ከድሬ ሆኜ ጥያቄያችሁን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ ከዚያ ደግሞ በአስጎብኚነት ሠርቻለሁ። የኳስ ፍቅሬ ግን ከሁለቱም ይቀድማል። ኢትዮጵያ የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ ካለች ወዲህ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ሻይ ቤት ቁጭ ባልን ቁጥር ክርክሩ አንድ ነው። ግማሹ «ስማችን ይነሳል» ይላል። ግማሹ «የማይሆን ወጪ ነው» ይላል። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬ የአፍሪካ ዋንጫ አስተናግዳለች ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው ወይስ የድሬ ልጆች ጉራ?

እውነት ነው አቦ! ጉራውም አለ፣ ግን እውነት ነው። በ1968 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻና መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ በፈረንጆቹ 1976 መሆኑ ነው። ስምንት ሀገር ተወዳደረ። ኢትዮጵያ ያለችበት ምድብ አዲስ አበባ ተጫወተ። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ያሉበት ምድብ ደግሞ እዚህ ድሬዳዋ ስታዲየም። ዛየር የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ ናት። የ1974 የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች፣ በዚያው ዓመት ዓለም ዋንጫም ላይ ተጫውታለች። እዚህ ግን ናይጄሪያ 4 ለ 2 ረታቻት፣ ከምድቡም ሳታልፍ ቀረች። ሞሮኮ ከድሬ ተነስታ ዋንጫውን ይዛ ሄደች። የእኛ ቡድን ከምድቡ አላለፈም፤ እሱን እንለፈው።

አንድ ግርታ ላጥራ፤ ሻይ ቤት ሁልጊዜ ያጣላናል። በፈረንጆቹ 1968ም ኢትዮጵያ አዘጋጅታለች፤ ያኔ ጨዋታው አዲስ አበባና አስመራ ነበር። የእኛው 1968 ዓ.ም. ሌላ፣ የነሱ 1968 ሌላ። «68 ላይ አስመራ ነበር» የሚልና «68 ላይ ድሬ ነበር» የሚል ሰው ሁለቱም ልክ ናቸው።

እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ኦቾሎኒ ትቆላለች፣ እኔ በጋዜጣ ጠቅልዬ ስታዲየም በር ላይ እሸጣለሁ። ጨዋታውን ያየሁት በጆሮዬ ነው ማለት ይቻላል። ጩኸቱ ሲነሳ ጎል፣ ሲረግብ ኳሱ ወጥቷል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያኔ የሀገራችን ስም ተነሳ?

ለሁለት ሳምንት፣ አዎ። በአፍሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ድሬዳዋ የሚባል ስም ተጠራ። ከዚያስ? ከዋንጫው አሥራ ሰባት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 1969 ዓ.ም.፣ የሶማሊያ ጦር የከተማችን ጫፍ ደረሰ። ኦቾሎኒ የሸጥኩበት ሰፈር የመድፍ ድምፅ ሰማ። ከዚያ ደግሞ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ መጣ። ያ ሥዕል ከዓለም አእምሮ እስከዛሬ አልወጣም። የውጭ እንግዳ ሳስጎበኝ ስለ 1976ቱ ዋንጫ የጠየቀኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። ስለ ረሃቡ ያልጠየቀኝ ግን ጥቂት ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሆቴል ስሠራ አንድ ሸምገል ያለ ናይጄሪያዊ መጣ። ቁልፍ ስሰጠው «እዚህ ከተማ በ1976 ኳስ ላይ መጥቼ ነበር» አለኝ። ደስ ብሎኝ ስለ 4 ለ 2ቱ ልጨዋወት ስል እሱ ሌላ ነገር ጠየቀኝ፤ «ያ ውሃ የሌለው ወንዝ አሁንም አለ?» ደቻቱን ማለቱ ነው። ማታ ወሰድኩት። አሸዋው ላይ ግመል ይሄዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ድልድዩን ተደግፎ ቆሞ ሳቀ። ለሃያ ምናምን ዓመት በጭንቅላቱ ይዞት የኖረው ስታዲየሙን አይደለም፣ የወንዝ ስም ይዞ አሸዋ የሚያፈሰውን ደቻቱን ነው። በኋላ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲወስድ ድሬ እንደገና የዓለም ዜና ላይ ወጣች። ያን ጊዜ ያ ሰውዬ ትዝ አለኝ።

ጥያቄ፦ ኳታርስ? ስሟን አልሸመተችም እንዴ?

ሸምታለች፣ ግን ምን እንደሸመተች እንይ። ለ2022ቱ ዓለም ዋንጫ ሲባል የወጣው ወጪ ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ይነገራል። በእርግጥ ስታዲየም ብቻ አይደለም፤ ሜትሮው፣ መንገዱ፣ ከተማው ሁሉ ተደምሮ ነው። ዓለም ሁሉ ኳታር የት እንዳለች አወቀ። ያው ካሜራ ግን የቀን ሠራተኞቹን ኑሮም ይዞ ገባ። ከፋላ የሚባለውን፣ ሠራተኛን ከአሠሪው ፈቃድ ጋር የሚያስረውን ሥርዓት፣ የእኛ ሰው ድሮም ያውቀዋል፤ ድሬ ውስጥ ዘመዱ አረብ ሀገር ያልሄደበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ፈረንጁ ግን ቃሉን የሰማው ኳስ ሲመጣ ነው።

እና ሁለቱም ሆነ። ስሟ ገነነ፣ ስሟ ጎደፈ። በመሃል ሕጉ ተነካ። ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር ቻለ፣ ዝቅተኛው ደመወዝ 1000 ሪያል ተባለ። በተግባር ምን ያህል ሠራ ለሚለው እዚያ የሠሩ እህቶቻችንን ጠይቁ፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። እኔ የምለው፣ ውድድሩ ባይመጣ ያ ሕግ በዚያ ፍጥነት አይነካም ነበር። ድግስ ስትጠራ ጎረቤት ጓዳህንም ያያል። ኳታር ጓዳዋን ያስተካከለችው ከታየባት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በደንብ የተሳካለት ሀገር አለ?

አለ። ባርሴሎና ጀርባዋን ለባሕር የሰጠች ከተማ ነበረች፤ በ1992ቱ ኦሎምፒክ ሰበብ የባሕር ዳርቻዋን ከፈተች፣ እስከዛሬ ቱሪስት ይጎርፍላታል። እንዲያውም አሁን ነዋሪው «ቱሪስት በዛብን» ብሎ ሰልፍ ይወጣል። ጀርመን በ2006ቱ ዓለም ዋንጫ ደረቅ ሕዝብ ነው የሚባለው ስም ተፋቀላት፤ ያን ያደረገው ስታዲየሙ ሳይሆን አደባባይ ላይ እየጨፈረ እንግዳ ያቀፈው ሕዝብ ነው።

ከአፍሪካ እኔ የምወደው ኮትዲቯርን ነው። የአፍሪካ ዋንጫው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት አዲሱ ስታዲየም ሜዳ በዝናብ ተጥለቅልቆ የወዳጅነት ጨዋታ ተቋረጠ። ሀገሩ ሁሉ አፈረ። ከዚያ በ2024 መጀመሪያ ውድድሩን አሳምረው አካሄዱ። ቡድናቸው በምድብ ሊወድቅ ጫፍ ደርሶ፣ መሃል መንገድ ላይ አሠልጣኝ አባርሮ፣ መጨረሻ ላይ ዋንጫውን በላ። እንደዚህ ያለ ታሪክ በገንዘብ አይገዛም።

ጥያቄ፦ ገንዘቡስ? ቱሪስት ይመጣል ይላሉ።

ይመጣል። ይሄዳልም። ይህን በሆቴል ዓይን ልንገራችሁ። ትልቅ ዝግጅት ሲኖር አልጋ ይወደዳል። የዘወትር እንግዳህ፣ ያ በየወሩ ከጅቡቲ የሚመጣው ነጋዴ፣ «ስትረጋጉ እመጣለሁ» ብሎ ይቀራል። የዝግጅቱ እንግዳ በአምስተኛው ቀን ሲሄድ አንተ ሁለቱንም ታጣለህ። ለንደን በ2012 እንኳ ኦሎምፒኩ እየተካሄደ የከተማዋ ታላላቅ ሙዚየሞች ቀዝቅዘው ነበር። ሌላው ቱሪስት ግርግሩን ሸሽቶ።

ደቡብ አፍሪካ በ2010ሩ ዓለም ዋንጫ ከ300 ሺህ በላይ የውጭ እንግዳ አስተናግዳለች። ከዚያ በፊት የፈረንጅ ጋዜጣ «ትዘረፋላችሁ፣ ትገደላላችሁ» ሲል ከርሞ ነበር። እንግዳው በሰላም ገብቶ ቩቩዜላውን እየነፋ ወጣ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ጋውትሬን የሚባለው ፈጣን ባቡርም እስከዛሬ ሰው ያመላልሳል። በሌላ በኩል የኬፕታውን ስታዲየም ለዓመታት የከተማው የወጪ ሸክም ሆኖ ቆየ። ደግሞ በ2015ና በ2019 የውጭ ዜጎች ሱቅ ሲዘረፍ፣ የእኛም ልጆች ሱቅ ጭምር፣ ያ ሁሉ የ2010 ፍቅር የት ገባ? ስምህን የሚያነሳውም የሚጥለውም ከውድድሩ በኋላ ባሉት ተራ ቀናት የምታደርገው ነው።

ጥያቄ፦ ድሃ ሀገር ምን አገባው? ለሀብታም ይተውለት።

ሀብታምም ተቃጥሏል። ሞንትሪያል የ1976ቱን ኦሎምፒክ ዕዳ ከፍላ ስትጨርስ 2006 ነበር። ሠላሳ ዓመት! በነገራችን ላይ እኛ በዚያ ኦሎምፒክ ከብዙ የአፍሪካ ሀገራት ጋር አልተሳተፍንም፣ በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ጉዳይ። ምሩጽ ይፍጠር ያን ዓመት ቀረበት።

ጥያቄ፦ ከማዘጋጀትና ከማሸነፍ የቱ ነው ስም የሚያነሳው?

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። የ1960ውን የሮም ኦሎምፒክ ያዘጋጀችው ጣሊያን ናት። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን በባዶ እግሩ የሮጠውን አበበ ቢቂላን ነው፤ ያውም የአክሱም ሐውልት ያኔ ቆሞበት በነበረው ቦታ በኩል አልፎ። ቶኪዮ በ1964 ፈጣን ባቡሯን ለኦሎምፒኩ አደረሰች፣ ዓለም ተደነቀ። እኛ አንድም ሐዲድ ሳንዘረጋ አበበ እንደገና ማራቶኑን አሸንፎ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤለና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ፣ አንዷ ጥቁር አንዷ ነጭ፣ ያ ለእኛ ከስንት ስታዲየም ይበልጣል።

በጥር 1954 ዓ.ም. ሁለቱንም በአንድ ቀን አግኝተናል። አዘጋጀንም፣ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ ወሰድንም። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። ሰው ስለዚያ ዋንጫ ሲያወራ «አሸነፍን» ነው የሚለው፣ «አዘጋጀን» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ጠይቀን ሳይሳካልን ቢቀርስ? አያሳፍርም?

ከመጠየቅ ይልቅ ተቀብሎ ማጣት ያሳፍራል። የ2020 ቻን፣ በሀገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱት የሚዘጋጀው የአፍሪካ ውድድር፣ ለኢትዮጵያ ተሰጥቶ ነበር። ዝግጅታችን አልደረሰም ተባለና ለካሜሩን ተላለፈ። ከዚያ ደግሞ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ የካፍን፣ መስፈርት አላሟሉም ተብሎ ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳው» የሚጫወተውን ጨዋታ ሰው ሀገር ሄዶ መጫወት ጀመረ። ስም የሚጎዳው እንዲህ ነው፤ በጭብጨባ ሳይሆን በዝምታ። ልጄ አንድ ቀን «አባዬ፣ የእኛ ሜዳ የት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ እንግዳ ሲመጣ ጫት መደበቅ አለብን?

ሃሃ! ድሬ ላይ? ጫትን ከምትደብቅ ፀሐዩን መደበቅ ይቀላል።

ግን ጥያቄው ከባድ ነው። አንድ ጊዜ ከተማችን ትልቅ በዓል ሊከበርባት ነበር። አጥር ተቀባ፣ ግን በመንገዱ በኩል ብቻ። በጓሮ በኩል ያው የፈረሰ ግንብ። ባጃጆች በዋናው መንገድ እንዳያልፉ ተባለ። ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች ለአንድ ሳምንት ከዓይን ጠፉ፤ በዓሉ ባለቀ ማግስት ደቻቱ ዳር ተመልሰው አየኋቸው። አንዱን የት ነበርክ ብለው «ውጡ ተባልን» አለኝ። ይህ «ገጽታ ግንባታ» የሚሉት ነገር ቀለም ብቻ ከሆነ እኔ የለሁበትም። እንግዳ ሞኝ አይደለም፤ ባጃጅ የሌለባት ድሬ ድሬ እንዳልሆነች በሁለተኛው ቀን ያውቃል።

ጥያቄ፦ ሐረርስ ምን ትጠቀማለች?

ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፣ እንግዳው በእኛ በኩል ነው የሚገባው። መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ኳስ ተመልካች በየቀኑ ጨዋታ የለውም፤ በባዶ ቀኑ ጀጎልን ያያል፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ያያል። ጅብ በእጁ ያበላ ሰው ሀገሩ ሲገባ ስለ ጎል አያወራም። እመኑኝ፣ ብዙ ሸኝቻለሁ።

ጥያቄ፦ ዕድሉ ቢሰጥህ ድሬ ላይ መጀመሪያ ምን ታስተካክላለህ?

መጸዳጃ ቤት። ቀልድ አይደለም። ከዚያ ውሃ፣ የማይቋረጥ። ከዚያ ደግሞ ስታዲየሙ ከውድድሩ በኋላ ማን እንደሚጠቀምበት ቀድሞ የሚወስን ሰው። የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በአንድ ከተማ ሲሰበሰቡ ድሬ ተራዋ ደርሶ አስተናግዳለች፤ ያኔ ባለሳምቡሳዋ፣ ባለባጃጁ፣ ትንንሹ ፔንሲዮን ሁሉ ሠርቷል። ስማችን ከመነሳቱ በፊት ኪሳችን ትንሽ ተነስቷል። እኔ ከዚያ ዓይነቱ ብንጀምር ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ፦ ኦቾሎኒው ስንት ነበር?

አንዱ ጥቅል አሥር ሳንቲም። አንድ ሱዳናዊ ሃምሳ ሳንቲም ሰጥቶኝ መልስ ሳይቀበል ሊገባ ሲል ሮጬ ጃለቢያውን ያዝኩት። ሳቀና ሌላ አራት ጥቅል ወሰደ። እናቴ ማታ ሳንቲሙን ስትቆጥር ልክ መጣላት።