ጋምቤላና የባሮ ወደብ

ወንድሜ፣ ለሥራ ጋምቤላ ልትሄድ መሆኑን ገልጸህ «ከሙቀቱ ሌላ ምን ታሪክ አላት?» ብለሃል። ሞልቷታል!

ከተማዋን ያቆማት ባሮ ነው። ባሮ ወደ ሶባት፣ ሶባት ደግሞ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ በክረምት ውሃው ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ተነስቶ እዚህ ድረስ ይዘልቅ ነበር። በጋ ሲመጣ ወንዙ ይጎድላል፣ ንግዱም ይቀዘቅዝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል፣ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ፈቀዱ። ውሉ ልኩንም ቆርጦ አስቀምጧል፦ በወንዙ በኩል ከ2000 ሜትር፣ በስፋት ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ። ጊዜውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ። እኔን የሚገርመኝ ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ መሬቱ ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ወደቡ ሥራ የጀመረው በ1907 ነው። ከጎሬ ደጋ ቡና፣ ሰምና ቆዳ በእንስሳት ጀርባ ተጭኖ ይወርድ ነበር። ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ይመጣ ነበር። በመሀል ጣሊያን ያዛት፤ በ1941 ያስለቀቋት ከቤልጂየም ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ናቸው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ግን ታሪኳን ከወደቡ ብቻ አትጀምር። አኙዋዎች ከመርከቡ በፊትም ባሮ ዳር ነበሩ።

ስትደርስ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ድልድዩ ላይ ወጥተህ ወንዙን እየው። ዋና ግን ይቅርብህ፤ አዞ አለ።