«ፐስ ሴል ብዙ» ማለት አንጀቱ መገለ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለፋሲካ እህቴ ቤት ጥሬ ሥጋ በላን። እኔና ልጆቼ ደህና ነን፤ ባለቤቴን ግን በማግስቱ ማታ ትኩሳት ያዘው፤ ከዚያም ንፍጥና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው። የሰገራ ውጤቱ «አሜባ የለም፣ ፐስ ሴል ብዙ» ይላል። አንጀቱ መገለ ማለት ነው? ከአንድ ማዕድ በልተን እሱ ብቻ ለምን ታመመ? ለጨጓራው ብሎ አምስት ወር ሙሉ ኦሜፕራዞል ሲወስድ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ካልዋጥኩ እያለ ነው።
ጥ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጻፉልኝ። ክኒኑን እንዳይውጥ አደራ። ደምና ትኩሳት ባለበት ተቅማጥ አንጀቱን ማሰር ባክቴሪያውን እዚያው ማቆየት ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። እስከዚያው አንዱን ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው ደጋግመው ያጠጡት።

ወደ መግሉ ልምጣ። ሰገራ በክብሪት ቀፎ ይመጣልን ከነበረበት ዘመን ጀምሮ 28 ዓመት ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። ስንቱ ሰው ይህን ቃል አንብቦ መስኮቴ ሥር ሲደነግጥ አይቻለሁ! ከንፍጡ በእንጨት ቆንጠር አድርጌ ጠብታ የጨው ውኃ ላይ እለውሰውና በማይክሮስኮፑ የ40 ሌንስ አየዋለሁ። ክብ ክብ ሴሎች ይታያሉ፤ አስኳላቸው ሦስት አራት ቦታ ተቋጥሮ በክር እንደተሰካ መቁጠሪያ ነው። ፐስ ሴል (የመግል ሴል) የምንላቸው እነዚህ ናቸው፤ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች። የባለቤትዎ አንጀት አልበሰበሰም። እነዚህ ሴሎች ከደም ሥር ወጥተው የአንጀቱን ግድግዳ ሾልከው ባክቴሪያውን ሲውጡ እዚያው የሞቱ ናቸው።

የሚደንቀኝ ያን ባክቴሪያ ከዚህ በፊት አይተውት ባያውቁም በሰዓታት ውስጥ መድረሳቸው ነው። ክትባት ወይም ያለፈ ሕመም ያስተማረን መከላከያ ሌላ ነው፤ ይህኛው አብሮን የተወለደ ነው። የሰውነታችን ሴሎች የብዙ ባክቴሪያዎች ልባስ ላይ ያለውን፣ በእኛ አካል ግን የሌለውን ነገር ለይተው የሚያውቁበት መቀበያ አላቸው። ሳይንቲስቶቹ ዡል ሆፍማን በፍራፍሬ ዝንብ፣ ብሩስ ቦይትለር በአይጥ ይህን መንገድ ገልጠው በ2011 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ነጭ የደም ሴሎቹ ሳይጠሩ በፊት ግን ሌላ ብዙ ሥራ ይሠራል። የአንጀት ግድግዳ ዝልግልግ ልባስ አለው፤ በትልቁ አንጀት የውስጠኛው ንጣፍ ባክቴሪያ እምብዛም አያስጠጋም። በትንሹ አንጀት ጎድጓዶች ሥር የተቀመጡት የፓኔት ሴሎች ደግሞ ባክቴሪያ የሚበሳ ፕሮቲን ይረጫሉ። ግድግዳው ራሱ በ3 እስከ 5 ቀን ይታደሳል፤ የተጎዳው ሴል ተላቅቆ ይወድቃል፣ አዲሱ ይተካዋል።

«እሱ ብቻ ለምን?» ላሉት፣ እኔ የምጠረጥረው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ነው። የባዶ ጨጓራ አሲድ ከሎሚ ጭማቂ ይበረታል፤ ከምግብ ጋር የሚገባውን ሳልሞኔላ የተባለ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ አብዛኛውን እዚያው ይፈጀዋል። አሲዱ ሲዳከም ግን ከወትሮው የበዛ ባክቴሪያ በሕይወት ወደ አንጀት ያልፋል። እርስዎና ልጆቹ ያንኑ ሥጋ በልታችሁ አሲዳችሁ ጠብቋችሁ ሊሆን ይችላል። ሺጌላ የተባለው ሌላው የተቅማጥ ባክቴሪያ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ እሱ አሲድ ስለሚችል መቶ የማይሞላ ባክቴሪያ እንኳ ጤነኛውን ሰው ይጥላል።

እንዲህ ስል ኦሜፕራዞሉን ዛሬውኑ ያቁመው ማለቴ አይደለም። ቁስለት ላለበት ወይም አስፕሪን ለሚወስድ ሰው የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ግን ማን አዘዘለት? እስከ መቼ? የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራስ ተደርጎለታል? አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። አምስት ወር ያለ ሐኪም ክትትል ከሆነ በጣም ያሳስበኛል፤ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘው አብረውት ይግቡ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሙያዬ። ናሙናው ከወጣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው የታየው? አሜባ በቀጭን ሰገራ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የሚታየው ትኩስ እያለ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ቤት ተቀምጦ የመጣ ከነበረ «አሜባ የለም» የሚለውን አልተማመንበትም። እዚያው ጤና ተቋሙ ወጥቶ፣ ንፍጥና ደም ካለበት ተወስዶ፣ ወዲያው ይታይ። ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) የሚሠራ ላቦራቶሪ ካገኙም ናሙናውን አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይስጥ።