እርዱ ካንሰር ሴል ውስጥ ሲያበራ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ የጡት ካንሰር ይዟት ኬሞ ጀምራለች፣ ሰሞኑን ግን ዘመድ በቴሌግራም ፎቶ ላከላት፣ ጥቁር ላይ አረንጓዴ የሚያበሩ ክብ ክብ ነገሮች ናቸው ከስሩ «እርድ ካንሰሩን ሲያቃጥለው» ይላል፣ እሷም ኬሞው አድክሞኛል ትቼው እርዱን በማር ልውሰድ እያለች ነው። ፎቶው እውነት ነው ወይስ የተቀባ?
ሴት ልጇ፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ እናትሽን ፈጣሪ ያሽርልሽ። እንዲህ አይነት ፎቶ ላብራቶሪ ውስጥ በእውነት ይነሳል፣ ክብ ክቦቹ ሴሎች ናቸው፣ ሰውነታችን የተሠራባቸው በዓይን የማይታዩ ህዋሶች ማለት ነው፣ ችግሩ ከስሩ የተጻፈው ነው።

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባለው ነገር ነው። ወይንጠጅ ወይ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ብርሃኑን ይውጥና አረንጓዴ አድርጎ ይመልሰዋል፣ ፍሎረሰንስ የሚሉት ይሄንን ነው። ራስሽም ልታይው ትችያለሽ፣ እኔ ኮምቦልቻ ጓደኛዬ ሱቅ ሞክሬዋለሁ፣ ፎርጅድ ብር የሚለዩበት ወይንጠጅ መብራት አለ አይደል፣ ቁንጥር እርድ አረቄ ውስጥ በጥብጠን ስናበራበት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ፣ ውሃ ውስጥ የበጠበጥነው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ኩርኩሚን ውሃ አይወድማ! ቅባት ነው የሚወደው፣ ውሃ ውስጥ ደብዝዞ ይቆይና ቅባት ወዳለበት የሴል ሽፋን ሲገባ ይደምቃል፣ ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሌላ ቀለም ሳይጨምሩ ራሱን ኩርኩሚኑን በማይክሮስኮፕ እየተከተሉ የቱ ጋ እንደደረሰ ያያሉ። ሴል በራሱም ትንሽ ትንሽ ስለሚያበራ ኩርኩሚን ያልነካውን ሴል ከጎን አድርገው ካላነጻጸሩት ደሞ ፎቶው ብቻውን ብዙ አይነግርም።

እና ብርሃኑ «ገባ» ነው የሚለው፣ «ገደለ» አይልም። ጤነኛ ሴል ውስጥም ይገባል፣ እዛም ያበራል። ደሞ እነዛ ሴሎች ከሰው ሰውነት ውጭ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ያደጉ ናቸው፣ ኩርኩሚኑ በቀጥታ ነው የሚፈስባቸው፣ እናትሽ የምትውጠውን ግን አንጀት ጥቂቱን ብቻ ያሳልፋል ያለፈውንም ጉበት ቶሎ ይቀይረዋል፣ ደሟ ውስጥ የሚቀረው ሳህን ላይ ከሚደረገው እጅግ ያነሰ ነው።

ከእጽዋት የካንሰር መድኃኒት አይወጣም እያልኩሽ አይደለም። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት ኬሞዎች አንዱ ፓክሊታክሰል መነሻው የዛፍ ቅርፊት ነው፣ ምናልባት እናትሽም እሱን እየወሰደች ይሆናል። ቅርፊቱ አሜሪካ ውስጥ የተሰበሰበው በ1962፣ መድኃኒቱ የተፈቀደው በ1992 (በፈረንጅ) ነው፣ 30 ዓመት ሙሉ ሲያጣሩት ሲለኩት ሰው ላይ ሲፈትኑት ማለት ነው። ፎቶው የሚያሳየው ግን የመጀመሪያዋን ደረጃ ብቻ ነው።

አልጫ ውስጥ የሚገባው እርድ ምንም አይላትም፣ ትብላ። በማንኪያ ወይ በካፕሱል መውሰድ ግን ሐኪሟ ሳያውቅ እንዳይሆን፣ ጉበታቸው የተጎዳባቸው ሰዎች አሉ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ ደሞ የበለጠ ያሰጋል። ኬሞውን ግን እባክሽ እንዳታቋርጥ። ድካሙንም ማቅለሽለሹንም ለሐኪሙ ትንገረው፣ የሚያቀልለት ነገር አለ፣ መጠኑንም የሚያስተካክሉበት ጊዜ አለ፣ እናቶቻችን ግን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ደህና ነኝ» ብለው ነው የሚወጡት። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አብረሻት ግቢና አንቺ ተናገሪላት፣ ፎቶውንም ስልኩን ከፍተሽ ለሐኪሙ አሳዪው።