ኪኒኑን ብቻሽን አትዋጪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ልጄን አስተኝቼ አነበብኩት። "ጎንደር ነኝ፣ ጡት አጠባለሁ፣ ከወለድኩ ወዲህ ግንኙነት ያመኛል፣ ሽታ ያለው ፈሳሽም አለኝ፣ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝቼ ተሽሎኝ ነበር ግን ተመለሰብኝ፣ ለባሌ መንገር ደግሞ አፈርኩ" ብለሻል። ከሥር "በሎሚ ታጠቢ"፣ "ሁላችንም እንዲሁ ነን፣ ቻይው" የሚሉ መልሶች አየሁ። ሁሉንም እኔም ተብያለሁ። እንደ እኔ እንዳትንገላቺ ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

1. እንደ እኔ በግንኙነት የሚተላለፍ ከሆነ፣ ባልሽ ሳይታከም አንቺ አትድኚም። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይኼን ያዢ።

የእኔ እንዲህ ነበር። መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩ ልጅ ሰው ፊት "ምንሽን ነው?" አለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። ሜትሮኒዳዞል የሚባል ኪኒን ሰጠኝ፣ አለቀ። እርጉዝ ነሽ ወይ የለ፣ ጡት ታጠቢያለሽ ወይ የለ፣ ባልሽስ የለ። ምርመራ አድርጊም አላለኝም። ዋጥኩት፣ ተሻለኝ። ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። እኛ ቤት ጾም ጾም ነው፤ 55ቱን ቀን ባልና ሚስት መኝታ እንለያለን። ምንም ሳያመኝ ከረምኩ። ፋሲካ አለፈ። ርክበ ካህናት እንኳ ሳይደርስ ያው ሽታ፣ ያው ማቃጠል መጣ።

በኋላ ያገኘኋት አዋላጅ ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "መቼ ጠፋ፣ መቼ ተመለሰ?" ብላ ነው። የጾሙን ነገር ስነግራት ወዲያው ገባት። ናሙና ወስዳ ላብራቶሪ ላከች። ትሪኮሞናስ ሆኖ ተገኘ። በግንኙነት የሚተላለፍ፣ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። ወንዶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ባሌ ጤነኛ ነኝ ብሎ ይዞት ከርሟል። እኔ ታክሜ ስድን እሱ መልሶ ያስይዘኛል። መድኃኒቱማ ያው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ስህተቱ ለአንድ ሰው ብቻ መሰጠቱ ነው። ያ ልጅ "ባልሽም ይውሰድ" የሚል አንድ ቃል ቢጨምር ኖሮ ያ ሁሉ ስቃይ ባልኖረ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። "ማን አመጣው?" ወደሚል ጠብ እንዳትገቡ። ይኼ ተውሳክ ምልክት ሳያሳይ ለረጅም ጊዜ ሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ምርመራው መቼና ከማን እንደተያዛችሁ አይናገርም። እኔና ባሌን ከመቀያየም ያዳነን ነርሷ ይኼን ለሁለታችንም ማስረዳቷ ነው።

2. ውስጥሽን አትታጠቢ። አክስቴ ሎሚና ጨው ብላኝ ነበር፣ ጎረቤቴ ጢስ ሙቂ አለችኝ። ነርሷን ሳልጠይቅ አላደርገውም አልኩ፤ ደግ አደረግኩ። እዚያ ቦታ ተፈጥሮ ያስቀመጠቻቸው ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። አሲድነቱን ጠብቀው ሌላውን በሽታ የሚያባርሩት እነሱ ናቸው። ሳሙናና ሎሚ ወደ ውስጥ ሲገባ እነሱን ያጠፋል፣ ሽታውም ይብሳል። ከውጭ በንጹሕ ውሃ ይበቃል። ደግሞ ፈሳሽ ሁሉ በሽታ አይደለም። ጥርት ያለ ወይም ነጣ ያለ፣ ሽታም ማሳከክም የሌለው ጤነኛ ነው። እንደ አይብ የተቆራረጠና የሚያሳክክ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ሜትሮኒዳዞል ምንም አያደርግም፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ለዚህ ነው ሳትመረመሪ አትግዢ የምልሽ።

3. ጤና ጣቢያ ስትሄጂ በሩን አዘጊ። እዚህ ላይ እስካሁን ያንገበግበኛል። መጀመሪያ በሄድኩበት ቦታ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ሰልፉ እየሰማ "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" ብላ ጮኸችብኝ። ከኋላዬ የሰፈራችን ሰዎች አሉ። "ሴቶች ክፍል ነው የምገባው" አልኳት፤ እምቢ ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ውስጥ ስገባ ደግሞ በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ይገባል ይወጣል። የተቀመጠችው ሴትዮ ካርዱን ሳታነብ "ከባልሽ ሌላ አለ?" አለችኝ። ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ይሆናል። ግን እንደዚያ፣ በክፍት በር፣ በዚያ ዓይን? ተነሥቼ ወጣሁ። እናቶቻችን ሕመማቸውን ይዘው ያረጁት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ነውሩን ብቻ አይደለም የሚፈሩት። ሄደው ሲናገሩ የሚገጥማቸው ይኼ ነው።

ሌላ ጤና ጣቢያ ስሄድ ገና ሳልቀመጥ "እባክሽ በሩን ዝጊልኝና እነግርሻለሁ" አልኩ። ነርሷ ፈገግ ብላ ዘጋችው። መብትሽ ነው፣ አትፈሪ። ካርድ ክፍልም ደግመው ቢጠይቁሽ እንኳ "የሴቶች ክፍል" ካልሽ በቂ ነው። የቤተሰብ ምጣኔ የሚሰጡት አዋላጆች ከሌላው ይልቅ ይኼን ነገር በጨዋ ደንብ ያወራሉ። ጡት እንደምታጠቢ ቀድመሽ ንገሪያት።

አሁን ቁጥሩን ልተወው፣ የቀረው ብዙ ነው። ግንኙነት ያመኛል ያልሽው ሁሉ ከኢንፌክሽኑ ላይሆን ይችላል። እኔ ትሪኮሞናሱ ጠፍቶም ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም ነበር። ነርሷ ስትነግረኝ ጡት የምታጠባ ሴት ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ዝቅ ስለሚል ብልቷ ይደርቃል። ፍላጎትም ሊቀንስ ይችላል። ይኼ ባልሽን መጥላት አይደለም፣ ለእሱም ንገሪው። በእኛ አገር ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ከተነሣ እናትየዋ "ድናለች" ይባላል። ስፌቷ ጠገገ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ካልጠገገ ጊዜ ስጪው፣ ላዋላጇም አሳዪ። ለድርቀቱ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ አለ። ቫዝሊንና ዘይት ግን ከኮንዶም ጋር አትጠቀሚ፣ ኮንዶሙን ያስቀድዱታል።

ለባሌ እንዴት ነገርኩት? ቡና ጠጥተን ልጁ ሲተኛ "ሁለታችንም መድኃኒት መውሰድ አለብን፣ እኔ ብቻ ብወስድ ዋጋ የለውም ተባልኩ" አልኩት። "አንተ ነህ" አላልኩም፣ "እኔ ነኝ"ም አላልኩም። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ "እኔ እኮ ምንም አላመመኝም" አለ። የሰማሁትን ነገርኩት። ከሥራ አስፈቅዶ አብሮኝ ሄደ፤ ነርሷ ፊት ተቀምጦ ሰማ። ሴቶች ብቻ በተቀመጡበት አግዳሚ ላይ አንድ ወንድ እሱ ነበር። ኮርቼበታለሁ፣ በራሴም ኮርቻለሁ። አሁን በማኅበራችን ቀን ሴቶቹ ጠጋ ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው።

መድኃኒቱን ስትወስዱ ጠላም አረቄም ይቅር፣ ለሁለታችሁም። ሁለታችሁም ጨርሳችሁ ምልክቱ እስኪጠፋ ግንኙነት አይኑር። ባልሽ አልሄድም ካለ ቢያንስ እስኪታከም ድረስ ያለ ኮንዶም እሺ አትበይው፤ አዋላጇንም ለእሱ የሚሰጥ መድኃኒት ይዤ ልሂድ ወይ ብለሽ ጠይቂያት። ትሪኮሞናስ ያለበት ሰው በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ስለሚል እዚያው አብራችሁ ተመርመሩ። እኛ ተመርምረናል። 30 ዓመት ከሞላሽ ደግሞ በዚያው የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጠይቂ፤ ብዙም አያምም፣ ረጅም ጊዜም አይወስድም፣ ካልጠየቅሽ ግን የሚነግርሽ ላይኖር ይችላል። ሰኞ ሰልፉ ይበዛል፣ በሌላ ቀን በጠዋት ሂጂ። ከነርሷ ጋር የምታወሪው ከከበደሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።